ራስ የሌለው ወረቀት

ካልሜ መንደር፣ አሥራ አንደኛው ጨረቃ፣ ቀን 3

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን።

ከእስር ቤት የጻፍካት ፖስታ ካርድ አንተ በመጣህ ማግስት ደረሰችኝ። አንተን በበሬ ጋሪ አመጡህ፣ ካርዷ በፖስተኛው ቦርሳ መጣች። ፖስተኛው ደጃችን ላይ ያን ሁሉ የገለባ ጫማ ተደርድሮ አየና «ማን መጣባችሁ?» አለኝ። «ወንድሜ» አልኩት። «ተፈታ? እሰይ!» አለ። እኔም እሰይ አልኩ። ምን ልበለው?

ሦስት ነገር ጠይቀኸኛል። ሩዙ አልገባም። ነዶው ማሳ ላይ እንደተከመረ በረዶ ወርዶበታል። የምንሰጠው ድርሻ ካልቀነሰ አንወቃም ብላችሁ ስለማላችሁ የነካው የለም፤ የጠገቡት ድንቢጦቹ ብቻ ናቸው። የባለመሬቱ ምስለኔ የፒዮ ሰዎች ሊወቁት መጥተው ነበር። የማንሺክ ሚስት በዚያ ሆዷ ክምሩ አናት ላይ ወጥታ ተቀመጠችበት። «ከነልጄ ውቁኝ!» አለቻቸው። ብታያት በሳቅ ትሞት ነበር።

የእማዬ ጥርስ ወልቋል። ራሷ ነቀለችው። የነቀለችበትን ቀን አልነግርህም።

ሦስተኛውን ጥያቄህን ለዛሬ ዘለልኩት። ይቅር በለኝ። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

መቃብርህ ላይ ጉብታ አልሠራንልህም። ያላገባ ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ሲሄድ ጉብታ አይሠራለትም፣ ጮክ ተብሎም አይለቀስለትም አሉ ሽማግሌዎቹ። ከጥዶቹ ሥር አፈሩን ከመሬቱ ጋር እኩል አድርገን ደለደልነው። ሰዎቹ ሲበተኑ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ከትልቁ ጥድ እስከ አንተ ያለውን በእርምጃ ለካሁት። አሥራ አራት ነው።

እትዬ ጆምሬ ኦሳካ ሆና ስላንተ እየጠየቀችኝ ነው። እስካሁን አልነገርኳትም።

ታናሽህ ኢንጉ


ካልሜ፣ አሥራ አንደኛው ጨረቃ፣ ቀን 5

ለእትዬ ጆምሬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? የፋብሪካው ጥጥ ብናኝ ሳልሽን አላባሰብሽም ወይ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ፈተና ነበረብን።

ስለ ወንድም ጋሼ ለጠየቅሽኝ፦ አሁንም ከተማ ነው። ጉንፋን ይዞታል፣ ጣቶቹንም ብርድ ስለመታው አይጽፍም። የላክሽለት የሱፍ ካልሲ ደርሷል። ልኩ ነው። እማዬ ሰላም ብላሻለች። ዘንድሮ ጎመን በደንብ ስለያዘ የክረምቱን ኪምቺ አራት እንስራ ሞልተናል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ወንድምሽ ኢንጉ


ኦሳካ፣ አሥራ አንደኛው ጨረቃ፣ ቀን 20

ለኢንጉ፣

ውሸት ስትጽፍ እጅህ ይበልጥ ያምራል። አንድ ስርዝ የለበትም። እውነት ስትጽፍልኝ ግማሹ ድልዝ ነበር።

ዶክቤን ጉንፋን ያዘው? ያን በበረዶ ወንዝ ወርዶ ዓሣ በእጁ የሚይዝ ሰውዬ? ደግሞ አራት እንስራ ኪምቺ ለማን ነው? ለሦስት ሰው ሦስት እንስራ እንኳ ሞልተን አናውቅም። እንስራውን ለመሙላት ይሆን ወይስ ደብዳቤውን?

ስማኝ። ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር የመጣች ልጅ እኛ ክፍል ገብታለች። ካልሜ ነኝ ስላት «ውይ፣ ያ የሞ…» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾርባዋን ወደ እኔ ትገፋለች። እዚህ ማንም ለማንም ሾርባ አይሰጥም። ሰው ሾርባውን የሚሰጠው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔ እንደ አንተ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ይቺን ፊደል ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ምድጃ ሥር፣ በከሰል። ስለዚህ ስለ እሱ ልትዋሸኝ አትችልም። ንገረኝ።

ጆምሬ


ካልሜ፣ አሥራ አንደኛው ጨረቃ፣ ቀን 28

እትዬ፣

ያልሽው ነው። ያረፈው ባለፈው ጨረቃ በሃያ ሰባተኛው ቀን ነው። ፖሊስ ጣቢያ እንዳለ። ተስቦ ነው አሉን። ስናጥበው ጀርባውን አይተናል፤ ተስቦ እንደዚያ ያደርግ እንደሆነ አላውቅም። ካልሲሽን አድርገንለታል። ልኩ ነበር፣ እሱን አልዋሸሁሽም። አራተኛውን እንስራ ግን ዋሽቻለሁ።

እንዴት እንደተያዘ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ ከሥሩ ልንገርሽ። በመከሩ መግቢያ ባለመሬቱ እኩሌታ የነበረውን ድርሻውን ከአሥር ሰባት አደረገው። አሥራ ዘጠኝ ቤት ጭሰኛ አባባ ኖ ቤት ተሰበሰበ። አባባ ኖ ትልቁን የሸክላ ሳህናቸውን አምጥተው ወረቀት ላይ ደፉት፣ ዙሪያውን በከሰል ከበቡት፣ ከዚያ ሁሉም ስሙን በክቡ ዳር ዳር ጻፈ፣ እንደ ጃንጥላ አጥንት። ያልተማሩትን ወንድም ጋሼ ጻፈላቸው፣ እነሱ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

«በፈረሱ ዓመት አመፅ ከአያታችሁ ጋር እንዲህ ነው የጻፍነው» አሉ አባባ ኖ። «ወታደሮቹ ወረቀቱን አገኙና መሪው ማነው ብለው ቢያዞሩት ቢያዞሩት ራስ አጡለት። ራስ የሌለውን እባብ በየት በኩል ይመቱታል?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድም ጋሼ ሲስቅ ትከሻው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ታውቂያለሽ።

አቤቱታው ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት በጃፓንኛ መገልበጥ ነበረበት። ከመንደሩ ጃፓንኛ በደንብ የምጽፈው እኔ ነኝ። ለእኔ ሰጡኝ። ለመንግሥት የሚሄድ ወረቀት በመስመር ይጻፋል ብሎ መምህሬ አስተምሮኛል፣ እኔም በመስመር ጻፍኩት። ክብን ወደ መስመር ለመዘርጋት ደግሞ ከአንድ ስም መጀመር ግድ ነው።

እትዬ፣ ይህን እማዬ አታውቅም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ስዘረጋው በእኔ በኩል ከላይ የነበረው የሌላ ሰው ስም ነው። እኔ አዞርኩት። የወንድሜ ስም አናት ላይ እስኪመጣ አዞርኩት። አሥራ ስምንት ሰው ከእሱ ሥር ሲሰለፍ ማየት አማረኝ። ጽፌ ስጨርስ እንዲያውም ትንሽ ራቅ ብዬ አየሁት።

አቤቱታው በገባ በስድስተኛው ቀን ፖሊሶች ዘጠኝ ሰው ወሰዱ። ስምንቱን እንደ ተከታይ፣ እሱን እንደ መሪ። ከእስር ቤት በጻፈልኝ ካርድ ላይ «ኢንጉ፣ ስሜ እንዴት ፊት ላይ ሊገኝ ቻለ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ከእሱ በኋላ ደረሰ።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ስምንቱ እስካሁን አልተፈቱም። ትናንት ፒዮ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላውን ይዞ መጣ።

«ኢንጉ፣ አንተ አንበሳ፣ ትምህርት እንዴት ይዞሃል?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

«እጅህ ያምራል። የጻፍከውን አይቼዋለሁ። የጸሐፊው እጅ እንኳ እንዲያ አያምርም።»

ከዚያ የመጣበትን አወጣ። ዶክቤ ብቻውን መሪ እንደነበረ፣ ሌሎቹን አታልሎ እንዳስፈረማቸው በዚያው እጄ እንድጽፍ፣ እማዬም ጣቷን እንድታሳርፍበት። ይህ ከሆነ ስምንቱ ለአዲስ ዓመት ቤታቸው ይገባሉ፤ እኛም ከማሳችን አንነቀልም።

«ሙት አይታሰር፣ ሙት አይገረፍ» አለ። «ምን ይጎድልበታል?»

«ስሙ» አልኩት።

«ስም ይቀቀላል እንዴ?» አለና ከት ብሎ ሳቀ። እማዬ ገንፎውን ማማሰሏን አላቆመችም።

ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የስምንቱ ሚስቶች በረንዳችን ላይ ናቸው። አይጮኹም፣ አይለምኑም። መጥተው ይቀመጣሉ፣ ገለባ ይገምዳሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዷ «መጣ ባለ ብዕሩ» አለች። ሌላዋ «እጁ የሚያምረው ለጃፓን ሲጽፍ ብቻ ነው መሰል» አለች። የማንሺክ ሚስት ግን «ተዉት፣ ልጅ ነው» አለችና ወደ እኔ ዞራ «ወንድምህ ቢኖር ራሱ ይጽፈው ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እውነቷን ነው።

አባባ ኖ ጋ ሄድኩ። «አባባ፣ ራስ የሌለው እባብ ያሉን እርስዎ አይደሉም?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ራስ ላብጅለት?»

 «ማሳው መግቢያ ያለውን ድንጋይ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። ማን አያውቀውም፤ የፈረሱ ዓመት መሪያችን እያልን በየመከሩ የሩዝ ጠላ የምናፈስለት ድንጋይ። «እሱ ሰውዬ መሪ አልነበረም፣ ልጄ። በሬው ጠፍቶበት ሊፈልግ ወጥቶ ነው ጥይት ያገኘው። ወታደሮቹ ስም አምጡ ብለው መንደሩን ሊያቃጥሉ ሲሉ አያትህና እኔ የእሱን ስም ሰጠን። ለቀቁን። ሚስቱ እስክትሞት አላናገረችንም። እኛ ግን ቀስ እያልን ራሳችንም አመንነው። አባትህ ከዚያ ድንጋይ ሥር ነው መሐላን የተማረው፣ ዶክቤም እንደዚያው። ያለዚያ ድንጋይ ዘንድሮ ማንም አይነሳም ነበር።»

እትዬ፣ ምን ላድርግ? ካልጻፍኩ ስምንቱም እንደ እሱ በጋሪ ይመጣሉ። ከጻፍኩ ወረቀቱን ለሁለተኛ ጊዜ አዞርኩት ማለት ነው፣ አሁን ደግሞ አውቄ። መልስሽን እጠብቃለሁ። ፒዮ የሰጠኝ እስከ ወሩ አጋማሽ ነው።

ኢንጉ


ኦሳካ፣ አሥራ ሁለተኛው ጨረቃ፣ ቀን 10

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ በደረሰ ቀን ክር በእጄ ላይ ሰባት ጊዜ ተበጠሰ። ተቆጣጣሪዋ ጆሮዬን ይዛ ከማሽኑ ፊት አቆመችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ እያለቀስኩ መቆም እችል ነበር፣ ለጆሮዋ ነው የምታለቅሰው አሉ።

እማዬን ይዘህ ወደዚህ ና ልልህ ጀምሬ ሰረዝኩት። የባሕር መሻገሪያ ወረቀት የሚሰጠው ያው ፖሊስ ነው። ልምጣ ልልህም ጀምሬ ሰረዝኩት። ውሌ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ የግቢያችን በር ደግሞ የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ያ ሁሉ ድልዝ እሱ ነው፣ ቅር አይበልህ።

ወረቀቱን ስላዞርከው፦ ጅል ነህ። ሌላ ቃል አጣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ቃል ስፈልግ ነበር። ከዚያ ራሴን ያንተ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳየው እኔም አዞረው ነበር። ስለዚህ ሁለት ጅሎች ነን። ይቅርታ ግን ከእኔ አትጠብቅ፤ የምሰጠው የእኔ አይደለም።

ዶክቤ መሪ! ሚስት ምረጥ ሲባል «እማዬ አንቺ ምረጪልኝ፣ እኔ አፍራለሁ» ያለው ሰውዬ! ስበሳጭም ሳቄ ይመጣል። ኢንጉ፣ ልትጽፍ እንደሆነ ከወዲህ አውቄያለሁ። የማንሺክ ሚስት ልጅ አባት ይፈልጋል። ጻፍ። ግን ለስምንቱ ብለህ ጻፍ እንጂ ለማሳው ብለህ አትጻፍ። ፒዮ ስለ ማሳ ቃል ሲገባ ከሕፃንነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ። ማሳውን ተስፋ አድርገህ ከጻፍክ ሁለቱንም ታጣለህ።

ለእማዬ ምንም አታንብብላት። ጆምሬ ደህና ናት፣ ወፍራለች በላት።

ጆምሬ


ካልሜ፣ አሥራ ሁለተኛው ጨረቃ፣ ቀን 26

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጽፌዋለሁ። ግማሽ ገጽ ነው። ደብዳቤሽ ሲደርስ ጽፌ ሰጥቼ ነበር፣ ስለዚህ ምክርሽን ሰምቼ ነው አልልሽም። ስለ ማሳው አስቤ እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ ፈራሁ። አስቤያለሁ። ትንሽ።

እማዬ ጣቷን ከማሳረፏ በፊት «አንብብልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። «ሌሎቹን አታልሎ» የሚለው ጋ ስደርስ «እሱን ደግመህ አንብበው» አለች። ደገምኩት። «ውሸታም አላደረግኸውም?» አለች። «አድርጌዋለሁ» አልኳት። ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና «ስምንት ሴት ደጄ ላይ ተቀምጦ የእኔን ልጅ ክብር ብቻዬን ልብላው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አላነሳችም።

ስምንቱ በሃያ ሁለተኛው ቀን ገቡ። ሦስቱ በእግራቸው፣ አምስቱ በሰው ጀርባ። ማንሺክ ከአምስቱ አንዱ ነው። ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳ ጠበቀችው።

ሩዙ ተወቃ። ድርሻው ከአሥር ስድስት ሆኗል። አሸነፍን የሚሉ አሉ፤ ከእኩሌታ እንደተነሳን የረሱ ናቸው።

ማሳችን ተወስዷል። ፒዮ ወረቀቱን እንደተቀበለኝ ለሰባት ቀን ጠፋ፣ በስምንተኛው መጣ። «እኔ ቃሌን ጠብቄ ነበር፣ ባለመሬቱ እምቢ አሉ» አለ። «የመሪ ቤተሰብ ከእኔ መሬት ላይ አይቀመጥም አሉ። ደግሞ መሪ ነው ብለህ የጻፍከው አንተው ነህ እኮ፣ አንበሳ።» ማሳውን ለማንሺክ ሰጡት። ማንሺክ እምቢ እንዳይል ገና መፈታቱ ነው። ቤቱን እስከ ትምህርት ቤት መዝጊያ እንድንቀመጥበት ተፈቅዶልናል። እማዬ ከበዓሉ በኋላ ከተማ ያለችው አክስታችን ሾርባ ቤት ለመሥራት ትሄዳለች፤ ለእኔ የሚሆን ቦታ ግን የላቸውም። «ፈተናህን ጨርስ» አለችኝ። ለምን እንደምጨርስ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

ዛሬ የመንደሩ ልጆች ጎዳና ላይ ወታደርና ገበሬ ይጫወታሉ። «ዶክቤን እኔ ልሁን!» «ትናንት አንተ ነበርክ! ዛሬ ተገረፍ!» ይባባላሉ። በአጠገባቸው ሳልፍ አንዱ ትንሽዬ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

ኢንጉ


ካልሜ፣ የመጀመሪያው ጨረቃ፣ ቀን 18

ወንድም ጋሼ፣

ሦስተኛውን ጥያቄህን አሁን እመልሳለሁ። ስምህን ፊት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አዞርኩት። ሌላ ምክንያት የለውም። ኮርቼብህ ነበር።

እማዬ ትናንት ሄደች። ሻንጣዋን እስከ መገንጠያው ተሸከምኩላት። «ወለሉን ለማሞቅ ከሥሩ የሚነደውን እሳት ሳታጠፋ አትተኛ» አለችኝ፣ ከዚያ ዞር ሳትል ሄደች። ስለዚህ የዛሬው ጠዋት ብቻዬን የሆንኩበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ምን እንደሠራሁ ልንገርህ።

ስነቃ ማንም አልጠራኝም። ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ተነሳሁና ከምሽቱ የተረፈውን የገብስ ቆሎ ሾርባ ሳላሞቅ ጠጣሁ፣ መጻሕፍቴን በጨርቅ ቋጠርኩ፣ ወጣሁ። ውርጩ ከባድ ነበር። በማሳችን በኩል ሳልፍ አንተ ሩዙ ከታጨደ በኋላ የዘራኸውን ገብስ አየሁት። አመዳዩ አፈሩን አንስቶታል፣ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ዛሬ ካልተረገጠ ይደርቃል። የእኛ አይደለም አልኩ። አልፌ ሄድኩ። ድልድዩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። መጻሕፍቴን ድንበሩ ላይ አስቀምጬ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ከዳር ጀምሬ መርገጥ ጀመርኩ፣ አንተ እንዳስተማርከኝ በትንንሽ እርምጃ፣ ተረከዝ ከጣት ጋር።

ሁለተኛው ትልም ላይ ሳለሁ ማንሺክ አንድ እግሩን እየጎተተ በዱላው እየተደገፈ ከማዶ መጣ። ሲያየኝ ቆመ።

«እኔ እረግጠዋለሁ፣ ኢንጉ። አንተ ትምህርት ቤት ሂድ» አለኝ።

«በአንድ እግርዎ?»

«በአንድ እግሬ ለምን አይሆንም? ግማሹን እረግጣለሁ፣ ግማሹን እሰድበዋለሁ።»

ከማዶው ጫፍ ጀመረ። ብዙ ረገጥን። ትልሙ የሚያልቅበት ዳር ላይ ስንገናኝ ዱላውን አፈሩ ላይ ተከለና ቀና ሳይል ተናገረ።

«በመጀመሪያው ቀን አንድ በአንድ አስገቡን። መሪው ማነው አሉን። እኔ ሦስተኛ ነበርኩ። የዶክቤን ስም ጠራሁ።»

እግሬ ቆመ። «ወረቀቱን አሳይተዎት ነው?»

«ምን ወረቀት? እኔ ያየሁት ዱላውን ነው።»

«ታዲያ ለምን እሱን?»

«ሚስት የለውም ብዬ» አለ። «ከሁላችን እሱ ብቻ ነበር ሚስት የሌለው። ከእኔ በፊት የገቡት ሁለቱ ማንን እንደጠሩ አላውቅም። ጠይቄያቸው አላውቅም። እነሱም አልጠየቁኝም።»

እኔም ነገርኩት። እንዴት እንዳዞርኩት፣ ራቅ ብዬ እንዴት እንዳየሁት። ሲሰማኝ ፊቱ አልተለወጠም። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፣ ወይም የሚያቅፈኝ። «ለእናትህ ተናግረሃል?» አለ ብቻ። «አልተናገርኩም» አልኩት። «እኔም ለሚስቴ አልተናገርኩም» አለ። ከዚያ ዱላውን ነቅሎ ወደ ራሱ ትልም ተመለሰ።

የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሰማሁት። ማንሺክም ሰምቶ ወደ እኔ አየ፣ ሂድም አላለኝ፣ ቆይም አላለኝ። በእኔ በኩል ስድስት ትልም ቀርቶ ነበር። ወገቤን አጎነበስኩና ቀጠልኩ፣ ተረከዝ ከጣት ጋር። ሁለተኛው ደወል ሲደወል ሁለት ቀርቶኝ ነበር።

ታናሽህ ኢንጉ